ወፍጮ የወቀርሁበት ክረምት

ይህን ጽሑፍ ገና ስጀምረው ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ሁለት ጊዜ አቋረጠችኝ። በመጀመሪያ፣ ወፍጮው የቆመው በገበያ ቀን ነው ብዬ ጽፌ ስለነበር «የለም፣ በማግስቱ ነው» አለች። ቀጥሎ ደግሞ የተኛችበትን ሳምንት በቁጥር ሳነብላት «አንተ ቆጥረሃል እንዴ? እኔ አልቆጠርሁም» አለችኝ። ቁጥሩን ልተወው ወይስ ልሰርዘው እያልሁ ብዙ ካመነታሁ በኋላ ቀኑንም ሳምንቱንም አወጣኋቸው። ዕድሜዬ ከሰባ አልፏል፤ በማስታወስ ችሎታዬ ላይ ያለኝ እምነትም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዷል። ስለዚህ እዚህ የሚነበበው እኔና እርሷ የተስማማንበት ብቻ ነው። በአንድ ነገር አልተስማማንም፤ እዚያ ስደርስ እናገራለሁ።

የተስማማንበት ይህ ነው። ክረምት ነበር። ጦርነቱ ወደ ሰቆጣ የሚያስገባውን መንገድ ዘግቶት ነበር። በቤታችን እህል ነበር፤ ዱቄት ግን አልነበረም። ባለቤቴም ታማ፣ ከዱቄት ከሚሠራ ቀጭን አጥሚት በቀር ምንም መዋጥ አትችልም ነበር።

እህል እያለው ዱቄት ያጣ ሰው ለሰሚው እንግዳ ይሆን ይሆናል። ዝቋላ ውስጥ ከባለቤቴ ወላጆች የቆየ መሬት አለን። ወንድሟ ያርሰውና በየዓመቱ ድርሻችንን ማሽላ በአህያ ጭኖ ያመጣልናል። በዚያም ዓመት መንገዱ ሳይዘጋ አድርሶልን ስለነበር ጎታችን ባዶ አልነበረም። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም፤ ስለዚህ ስለ ራሴ ችግር ስናገር ድምፄን ከፍ ማድረግ አልወድም። ነገር ግን ማሽላ በጥሬው አይበላም። በሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት የሚሠራው በናፍጣ ነው፤ ባለወፍጮው በበርሜል የተረፈችውን እያብቃቃ ጥቂት ጊዜ አስኬደው። አንድ ቀን ጠዋት እህሌን ተሸክሜ ስደርስ በደጃፉ ቆሞ ሰዉን ይመልሳል።

«አልቋል፤ እህላችሁን ይዛችሁ ግቡ!»

«መቼ ይመጣል?» ብዬ ጠየቅሁት። የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

«መምህር፣ ናፍጣ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚመጣ በካርታ ያሳዩን እርስዎ አይደሉም እንዴ? እኔ ምኑን አውቄ!»

ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ነበር። ጂኦግራፊ ነው ያስተማርሁት፣ ለሠላሳ ዓመት ያህል። ከባሕረ ሰላጤው የሚነሣውን የነዳጅ መንገድ በቀይ ጠመኔ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም ወደ መሀል አገር እየሳልሁ እወስድና በመጨረሻ ሰቆጣ ላይ አንዲት ነጥብ አስቀምጥ ነበር። በሌላ ምዕራፍ ደግሞ ራሱን የቻለ የገበሬ ቤተሰብ እያልሁ፣ ያረሰውን የሚበላ፣ የፈተለውን የሚለብስ፣ ከማንም ምንም የማይፈልግ ሰው አስተምር ነበር። ይህን ሁለተኛውን ምዕራፍ በኩራት ነበር የማስተምረው፤ የእናቶቻችንና የአባቶቻችን ታሪክ ነው ብዬ። ሁለቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ያየኋቸው፣ ያን ጠዋት እህሌን እንደ ተሸከምሁ ወደ ቤት ስመለስ ይመስለኛል። ምናልባት ይህ ሐሳብ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ሰዓት ያሰብሁት ስለ ትከሻዬ ብቻ ነበር ይሆናል።

የባለቤቴ ሕመም በትኩሳት ጀመረ። ቀጥሎ አፏ ቆሰለ። ቀድሞም ጥርሶቿ አብዛኞቹ ወልቀዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ በተቆላ እህልና በንፍሮ ሲውል እርሷ ንፍሮውን በምላሷ ስታገላብጥ ትቆይና መልሳ ታወጣው ነበር። ወደ ጤና ጣቢያው ደግፌ ወሰድኋት። እዚያ የነበረው ነርስ መርምሯት ካበቃ በኋላ ወደ ጥግ ጠራኝ።

«የሚዋጠው መድኃኒት አልቆብናል፤ አልዋሽዎትም» አለኝ። «አጥሚት ይስጧት። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ። አቅሟ ካልወረደ ሕመሙን ራሷ ትጥለዋለች። አቅሟ ከወረደ ግን እኔ ዘንድ መልሰው ቢያመጧትም የምሰጣት የለኝም።»

እንዲህ ነው የነገረኝ። በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያዳነችን በአጥር የምንዋሰናት ጎረቤታችን ናት። ጠላ እየጠመቀች አምስት ልጆች የምታሳድግ፣ አፏ የማያርፍ፣ እጇም የማያርፍ ሴት ናት። የእናቷን የድንጋይ ወፍጮ ሳትጥለው ኖሯት፣ ናፍጣው ባለቀ ማግስት አጥባ ተንበረከከችበት። «የእትዬን ነገር ለእኔ ይተዉት» ብላ በየጠዋቱ አንድ ጣሳ ዱቄት በአጥር ላይ ታቀብለኝ ጀመር። እኔም ተቀበልሁ። ለባለቤቴ ግን አልነገርኋትም። ለምን እንዳልነገርኋት ዛሬ ሳስበው፣ ምን እንደምትል ስለማውቅ ነው።

አንድ ቀን አጥሚቱን ይዤ ስገባ ዐይኗን ወደ አጥሩ አድርጋ ታዳምጣለች። ከማዶ የወፍጮው ድምፅ ይሰማል።

«ይህ ዱቄት ከየት ነው?»

«ከወፍጮ» አልሁ።

«ከየትኛው ወፍጮ?»

ጣሳውን ወደ እጇ አስጠጋሁላት።

«የዚያችን ልጅ ጉልበት ነው እንዴ የምጠጣው? አምስት ነፍስ ተሸክማ እኔን ስድስተኛ አደረግሃት?» ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ጎረቤት ለዚህ ቀን ነው ብዬ ላግባባት ሞከርሁ። ደከም ያለ ድምፅ ነበራት፤ ቃሎቿ ግን አልደከሙም። «እኔስ ለእርሷ መቼ ነው የምፈጭላት? ከመቃብር ተነሥቼ?» አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ለራሷ በኽምጥኛ ጥቂት አጉረመረመች፤ በልጅነት ቋንቋዋ የምትናገረው ከእኔ ጋር መነጋገር ሲበቃት ነው። ወዲያው ግን ወደ እኔ ተመለሰችና ያስጨነቀኝን ነገር ተናገረች።

«አንተ እጅ የለህም?»

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጠጣችም። በማግስቱ ጠዋትም አልጠጣችም።

በእኛ አገር ወንድ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ ወፍጮ ላይ አይንበረከክም። መነኩሴ በገዳሙ ይፈጫል፤ ሚስት ያለችው ሰው፣ ያውም ፀጉሩ የሸበተ፣ ያውም መምህር የሚባል፣ ሲፈጭ ቢታይ ግን ወሬው እርሱን ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም፤ በዚያ ጠዋት ወደ ጓሮ ከመውጣቴ በፊት በሩ ላይ ለምን ያን ያህል እንደ ቆምሁ ለማስረዳት ነው።

የባለቤቴ እናት ወፍጮ ጓሯችን ውስጥ ነበር። እኛ ባለሞተር ወፍጮ ከለመድን ወዲህ ልብስ ማጠቢያ አድርገነው ነበር፤ ሳሙናና ውሃ ሲመላለስበት ኖሮ ፊቱ እንደ ሸክላ ለስልሷል። ለስላሳ ድንጋይ እህል አይዝም፤ መወቀር፣ ፊቱ ተመትቶ መሻከር አለበት። ይህን ያህል አውቅ ነበር። እንዴት እንደሚወቀር ባለቤቴን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጎረቤታችንንም መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅሁም። ነገሩ የሰበቃ ጉዳይ ነው፣ የተማረ ሰው አስቦ ይደርስበታል አልሁ። የግንበኛ መሮና መዶሻ ፈልጌ ድንጋዩን ከፊቴ አጋድሜ መቀጥቀጥ ጀመርሁ።

ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «መምህር! ምን እየሠሩ ነው? ቤተ ክርስቲያን ሊፈለፍሉ ነው?»

«ወፍጮ እየወቀርሁ ነው።»

«እሰይ! ታቦቱ መቼ ይገባል?»

ወቅሬ ጨረስሁ፣ በእጄ ጠራረግሁት፣ ማሽላውን ጨመርሁበት። መጁን፣ ማለትም በእጅ የሚገፋውን ላይኛውን ድንጋይ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስገፋ ግማሽ ቀን አለፈ። ከወፍጮው ግርጌ በዘረጋሁት ቁርበት ላይ የተከማቸው ዱቄት ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው። በሕይወቴ ካገኘኋቸው የምስክር ወረቀቶች አንዳቸውም እንደዚያ አላስደሰቱኝም። አጥሚቱን ራሴ አፍልቼ፣ ራሴ አብርጄ አቀረብሁላት። የማን እጅ እንደ ሆነ ድምፁን ስትሰማ ስለዋለች አልጠየቀችኝም። ተጎነጨች። ምላሷ ቆመ። ጣቷን ወደ አፏ አስገብታ የሆነ ነገር አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ጠጠር ነበር።

«ዱቄቱ አንሶ ነው ድንጋዩን ያበላኸኝ?» አለች።

ያልተስማማነው እዚህ ላይ ነው። እኔ እንደማስታውሰው ይህን ብላ ሳቀች። እርሷ ግን የቆሰለ አፌ ላይ አሸዋ ጨምረህብኝ እንዴት ልስቅ እችላለሁ፣ አለቀስሁ እንጂ ትላለች። ምናልባት ልክ ናት። ሳቀች ብዬ ብጽፍ የሚጠቀመው ማን እንደ ሆነ አውቃለሁና እንዲሁ ክፍት አድርጌ አልፈዋለሁ።

የጎረቤታችን መሳቅ ግን ምስክር አያስፈልገውም። የሆነውን ስነግራት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ትንፋሿ ሲመለስላት ዐይኗን በነጠላዋ ጠርጋ አስተማረችኝ።

«የተወቀረ ወፍጮ ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ እፍኝ ማሽላ ይፈጭበታል፤ ያ ዱቄት ይደፋል። ደግሞ ይፈጭበታል፤ ደግሞ ይደፋል። ምላስዎ ላይ ሲያደርጉት አሸዋው እስኪጠፋ ድረስ ነው።»

«በዚህ ጊዜ እህል ይደፋል?»

«ይደፋል፣ መምህር። አሁን ካልደፉት በኋላ ሰው ይደፉበታል። ደግሞ በመሮ ነው ወይ የሚወቀረው? በጠንካራ ድንጋይ፣ ቀስ ተብሎ ነው፤ እርስዎ ጉድጓድ ነው የቆፈሩበት። ይህን ሁሉ ዓመት ሲማሩ ይህችን የሚነግርዎ ጠፋ?»

አልጠፋም ነበር። እናቴ ትፈጭ ነበር፣ እኅቶቼ ይፈጩ ነበር፣ ባለቤቴም በተጋባን ሰሞን ትፈጭ ነበር። በየጠዋቱ ድምፁን እየሰማሁ መጽሐፌን አነብ ነበር። ከማንም ምንም ሳይፈልግ የሚኖረውን ቤተሰብ ሳስተምር፣ ከቤተሰቡ ውስጥ አንዷ ተንበርክካ እንደምታድር ለተማሪዎቼ የነገርሁ አይመስለኝም። ነግሬ ከሆነም አላስታውስም፤ አለማስታወሴ ራሱ መልስ ነው።

ደፋሁ፣ ፈጨሁ፣ ደግሜ ደፋሁ። ከዚያ በኋላ የጎረቤታችንን ጣሳ ተቀብዬ አላውቅም። ማሽላው መጀመሪያ ይሸረከታል፣ ቀጥሎ ይልማል፤ ክንድ ብቻውን አይችለውም፣ ከወገብ ነው የሚገፋው። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደረቀ። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና በድምፁ ትመራኝ ጀመር። «ገና ሸካራ ነው፣ አሁንም ግፋ» ትላለች። «አሁን ለምቷል፣ አንሣው» ስትል አነሣዋለሁ። ትጠጣለች። ጣሳው ባዶ ሆኖ ሲመለስ የተሰማኝን ለመጻፍ ብሞክር እንዳጋነንሁ ስለሚመስለኝ እተወዋለሁ።

አንድ ቀን የቤተ ክህነት ሰው የሆነ የልጅነት ጓደኛዬ በሽተኛዋን ሊጠይቅ መጣ። ጓሮ ውስጥ ተንበርክኬ አገኘኝ።

«አንተ! ምን ጉድ ነው ይህ? ሴት ጠፋ?»

«አልጠፋችም፤ ታማ ተኝታለች።»

«ዘመድ የላችሁም?»

«አለን። ለየራሱ ይፈጫል።»

«ሰው ቢያይህ ምን ይላል?»

«የሚለውን ይበል። ብሎ ሲጨርስ ግን ና በለው፣ ቦታውን እለቅለታለሁ። አንተም ብትሆን ጋቢህን አውልቅና ሞክረው።»

ጋቢውን አላወለቀም። ባለቤቴ ከውስጥ ሆና «እንዳታቋርጠው፣ ይልመድ!» አለችው። ሳቅ እያፈነው ወጣ። በማግስቱ ስንዴ በመሐረብ ቋጥሮ ላከልን። ያን ስንዴም እኔው ነኝ የፈጨሁት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወፍጮውን ከጓሮ አውጥቼ መንገደኛ በሚያይበት በደጃፉ አኖርሁት። ማንንም ለማስተማር አልነበረም። የምደብቀው ነገር እንደሌለ ለራሴ ለማሳየት ነበር።

ትኩሳቷ ሲበርድ ጨዋታዋ ተመለሰ፤ እኔም ደፈርሁ። ጣሳውን ስቀበላት «አየሽ፣ ያለ ናፍጣ ኖርን፣ ያለ ማንም ኖርን። እናትሽም እንዲህ ነበር የኖሩት» አልኋት።

«እናቴ ይህን ድንጋይ ከየት ያመጣችው ይመስልሃል?»

እንደማላውቅ ነገርኋት።

«የሰፈራችን ድንጋይ ይፈረፈራል። ይህ ከኒሯቅ በኩል፣ ከአበርገሌ ነው የመጣ። አባቴ ማር ሰጥቶበታል። የሚያመጡት ሰዎች ጨውም ያመጡ ነበር፤ ጨው በእኛ ማሳ ይበቅላል እንዴ? ድንጋዩ ቢሰነጠቅ አባቴ ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ያለ ማንም የኖረ ሰው አላየሁም። አንተ አይተህ ከሆነ በመጽሐፍ ነው።»

በመጽሐፍ ነበር። ጥቂቱን ምናልባት እኔው ጽፌዋለሁ፤ ለክፍል ማስታወሻ። ያን ቀን ብዙ አሰብሁ። አባቷ ከኒሯቁ ሰው ጋር የነበራቸውና እኔ ናፍጣውን ከሚጭነው መርከብ ጋር ያለኝ ነገር በካርታ ላይ ቢሳል ሁለቱም መስመር ናቸው። አንደኛው ቢቆረጥ የሚያዝን ሰው በሁለቱም ጫፍ አለ፤ በሌላኛው ግን እኔ መኖሬን የሚያውቅ የለም። ይህን መጻፌ የድሮው ይሻል ነበር ለማለት አይደለም። በድሮው መስመር ላይ ሽፍታ ነበር፣ ድርቅ ነበር፣ በእኔ ዘመን በመድኃኒት የሚድን በሽታ ሰው ይገድል ነበር። መስመር የሌለው ኑሮ አለ ብሎ ግን ከእንግዲህ ማንም አያሳምነኝም።

መንገዱ ተከፈተ። የባለወፍጮው ሞተር ከሩቅ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ወጣ፤ እኔም ወጣሁ። ስለ ድንጋይ ክብር በዚያች ሰዓት የሚነግረኝ ቢመጣ አልሰማውም ነበር። ጎረቤታችን ከፊቴ ተሰልፋለች። ቀሚሷን ትንሽ ሰብሰብ አድርጋ ጉልበቷን አሳየችኝ፤ ጠቁሮ፣ ቆዳው ተልጦ እንደ ገና ድኗል።

«የእርስዎስ?» አለችኝ።

«ከአንቺ አይብስም።»

«ወንድ ሲፈጭ ትራስ ያነጥፋል፣ ሰምቻለሁ» አለች፣ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ። አንጥፌ ነበር።

ወራት ካለፉ በኋላ በከተማው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ከሩቅ የመጣ አንድ እንግዳ በትሕትና ተናገረ፤ እንዲህ ያለ አካባቢ ያለ ድጋፍ ሊቆም እንደማይችል፣ የሚያስፈልገንን ብንዘረዝር እንደሚመዘግብ ገለጸልን። ከእርሱ በኋላ ስብሰባውን የሚመራው ወጣት ኃላፊ ተነሣ። እኛ ግን ያለ ማንም እርዳታ ራሳችንን ችለን ማለፋችንን ለዓለም እንዳሳየን ተናገረ፤ ተጨበጨበ። ቀጥሎም መምህር ወፍጮ እየፈጩ ቤታቸውን ያዳኑ አባት ናቸውና ድንጋዩን ለኤግዚቢሽን ይስጡን፣ ቃላቸውንም ያሰሙን አለ። ጥንቃቄ የተሞላበት፣ ሁለቱንም ወገን የማያስቀይም የሁለት ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር። ተነሥቼ ስቆም ግን መነጽሬን ማውጣት አስጠላኝ።

«ድንጋዩን አልሰጥም» አልሁ። «ለመታያ የሚሆን ጊዜ የለውም፤ ናፍጣው ነገ ሊያልቅ ይችላል። እንግዳችን አትቆሙም አሉን፤ ቆመናል፣ ይኸው። አንተ ደግሞ ያለ ማንም ቆማችሁ አልኸን። ይህም ውሸት ነው። እዚህ ከተቀመጡት ሴቶች የአንዷን ጉልበት አይተህ ታውቃለህ? ራስን መቻል ያልኸው እዚያ ላይ ነው የተቀመጠው። ሊያመሰግነው የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ አንድ ሳምንት ይንበርከክበት፤ ከዚያ መጥቶ ይናገር።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ወጣቱ ኃላፊ ፈገግታውን አልጣለም።

«ታዲያ መምህር፣ እርስዎ የሚሉት የትኛውን ነው? ድጋፉን ነው ወይስ ራስን መቻሉን?»

«ናፍጣው ይምጣ። ባይመጣም አንሙት። አንዱን ምረጥ የምትለኝ ከሆነ አልመርጥም፤ አስመራጭም አልሾምሁህም።»

«ግን እኮ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል...»

ከሴቶቹ ወገን አንድ ድምፅ አቋረጠው። ባለቤቴ ነበረች፤ በስብሰባ ላይ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«የታመመ ሰው ቅደም ተከተል የለውም፣ ልጄ። መድኃኒቱ ከቀደመ እውጠዋለሁ፤ ዱቄቱ ከቀደመ እጠጣዋለሁ። እናንተ ግን ያላመጣችሁትን አያስፈልጋችሁም አትበሉን። ያንን እኛ እንናገራለን።»

ኃላፊው ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። እንግዳው ምን እንዳለች እንዲተረጎምለት ጠየቀ፤ ጎረቤታችን ከኋላ ሆና «በደንብ ተርጉሙለት!» ብላ ጮኸች። ተተረጎመለት አልተተረጎመለት አላውቅም፤ እኛ ተነሥተን ወጥተን ነበር።

ወደ ሰፈራችን የሚወስደው መንገድ አቀበት ነው። ምርኩዜን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ክንዴን ሰጠኋት፤ እርሱንም አልፈለገችም። ያን ክረምት ከአልጋ ወደ ደጃፍ ደግፌ የማወጣት ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ከፊቴ ወጣች። ከአቀበቱ አናት ደርሳ ዞር ስትል እኔ ገና መሀሉ ላይ ቆሜ እተነፍሳለሁ። አልተጣራችም፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ።